ባሕር ልንዝናና ሄደን… የሠላሳ ዓመት ምስጢር ይዘን ተመለስን!

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ለአባቴና ለእናቴ ባሕር ላሳያቸው ብዬ ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ፤ በመኪና በረሃውን አቋርጬ ልውሰዳቸው ወይስ ይቅርብኝ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄውን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ዝም አልኩ። ለምን ቢሉ እኔም ይህንኑ አድርጌዋለሁና! ስለዚህ ዛሬ የሌላ ሰው ቤት ጉድ አላወራችሁም። የራሴን ቤት ነው የማወራችሁ።

አትደንግጡ፤ ፈቃድ ይዣለሁ። እናቴ «ጻፊው፣ የሚማር ካለ ይማርበት» ብላኛለች። አባቴ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያኮርፍ ቆይቶ «ስሜን ካላነሳሽ ምን ቸገረኝ» አለ። እነሆ፣ ስሙን አላነሳሁም።

«እኔ ሳላየው ልሞት ነው?»

አባቴ ሹፌር ነበር። ያውም የአሰብ መስመር ሹፌር! በ1968 ዓ.ም. ረዳት ሆኖ ጀመረ። ኋላ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ፊያት ተሳቢ ጨበጠ። ከዚያ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለስ ኖረ። ያኔ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ በአብዛኛው የሚራገፈው በአሰብ ወደብ ስለነበረ፣ የአሰብ ሹፌር ማለት በሰፈር ውስጥ ትልቅ ሰው ነው። ሲመጣ ሳሙናው፣ ካሴቱ፣ የልጆች ልብሱ ከጋቢናው ይወርዳል። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደህና ገባህ» እያለ ይሰበሰባል።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የአባቴ ጓደኞችም አብረው ዞሩ። እሱ ግን አልዞረም። እዚሁ ከተማ ውስጥ አሸዋና ሲሚንቶ ሲያመላልስ ቆይቶ ጡረታ ወጣ። «ምነው የጅቡቲን መስመር ተውከው?» ሲሉት «በረሃው ሰለቸኝ» ይላል። ከዚያ በላይ የጠየቀው ሰው የለም።

እኔ የተወለድኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አባቴን ተሳቢ ሲነዳ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ወሬውን ነው። መብራት ጠፍቶ ሻማ ዙሪያ ስንቀመጥ ስለ ባሕሩ ያወራልናል። ማታ ማታ እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ጠዋት እንደ መስተዋት ያበራል፣ ሙቀቱ ሌሊትም አያስተኛም፣ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ያድራል… ልጅ ሆኜ ባሕሩ የአባቴ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ግን ባሕር ቀርቶ ከሶደሬ አልፋ አታውቅም። አንድ ቀን፣ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው፣ ቡና እያፈላች ሳለ ከመሬት ተነስታ «ሁልጊዜ ስለ ባሕር ይወራል፤ እኔ ሳላየው ልሞት ነው?» አለች። ታላቅ ወንድሜ ስቆ «ሐዋሳ ልውሰድሽ?» አላት። «ሐዋሳ ሐይቅ ነው» አለችው። «እሺ በአውሮፕላን ሞምባሳ?» ብሎ ቀለደ። እሷ ግን አልቀለደችም።

«በአባታችሁ መንገድ ነው መሄድ የምፈልገው።»

እኔ ልቤ ራራ። የፍቅር መስሎኝ! አባቴ ግን የያዘውን ስኒ አስቀምጦ «በዚያ መንገድ ምን ይታያል? ድንጋይ ነው» አለ። አሰብ መሄድ አይቻልም። በአሰብ መንገድ ብዙውን ርቀት ሄዶ ወደ ጅቡቲ መታጠፍ ግን ይቻላል። ተወሰነ።

አምስት ሰው፣ አንድ ቪታራ

የወንድሜ መኪና አሮጌ ቪታራ ናት። ወንድሜ፣ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና የስድስት ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ታጨቅንባት። የወንድሜ ሚስት ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም። (ዛሬ ድረስ «እንኳንም አልሄድኩ» ትላለች።) ለሰዎቹም ለመኪናዋም የሚያስፈልገውን ወረቀት ለማስጨረስ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

የወጣነው ጥር ላይ ነው። ይህን ልብ በሉ። ወደ ጅቡቲ ለመዝናናት የሚኬደው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያ ላይ አሸዋ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ አለ። ያኔ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ቅጣት ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። አዳማን ሳናልፍ ጠብ ተጀመረ! አባቴ ከፊት ተቀምጧል። «ማርሽ ቀንስ!»፣ «ፍሬን ላይ አትተኛ!»፣ «ከሲኖትራኩ ራቅ በል!» ይላል። ወንድሜ መታገሥ አቃተውና «አባዬ፣ እኔ ልንዳ ወይስ አንተ?» አለ። «አንተማ እየነዳህ አይደለም፤ መሪው ነው የሚነዳህ» ሲለው ሁላችንም በሳቅ ሞትን። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም።

መተሐራ ስንደርስ አባቴ አንገቱን በመስኮት አወጣ። የበሰቃ ሐይቅ መንገዱን ከግራ ከቀኝ ከቦታል። «ይኼ ውሃ በእኔ ጊዜ ይህን ያህል አልነበረም» አለ። እውነቱን ነው፤ በሰቃ በአሥርት ዓመታት ውስጥ እየሰፋ ሄዶ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ የተፈታተነ ሐይቅ ነው። ከጎኑ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ እንደታረሰ መሬት ተገለባብጦ ይታያል። (ከእኛ ጉዞ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። እኛ ስናልፍ ግን ጸጥ ብሎ ነበር።)

አዋሽን ከተሻገርን በኋላ አገሩ ተለወጠ። ሣሩ ቀረ፣ እሾሁ መጣ። አባቴ «ይኼም በእኔ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» ያለው ፕሮሶፒስ የሚባለውን ዛፍ ነው። በረሃውን ያለማል ተብሎ ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው፤ ኋላ ግን የአፋርን ግጦሽ ወርሶ አርፏል።

ገዋኔ ሳንደርስ መኪናዋ ጋለች። መርፌዋ ቀዩን ነካች። ወንድሜ ዘሎ ወረደና ቦኔቱን ከፍቶ የራዲያተሩን ክዳን ሊያዞር ሲል አባቴ እጁን በጥፊ መታው። «ዓይንህን ልታጠፋ ነው?! የፈላ ራዲያተር ይከፈታል?» ቆመን ጠበቅን። ሲበርድ አየው፤ ቺንጋው ላልቶ ኖሯል። የ67 ዓመቱ ጡረተኛ ሸሚዙን አውልቆ መኪናዋ ሥር ገብቶ በሃያ ደቂቃ አጠበቀው። ወንድሜ ያኔ ቁልፉን አስረከበ። ከዚያ ወዲያ «ማርሽ ቀንስ» የሚል ጠፋ፤ ጠቡም አብሮ ጠፋ።

በዚያች ሃያ ደቂቃ ግን አንድ ነገር ሆነ። ግመል የሚነዱ ሁለት የአፋር ሰዎች መጡ። አባቴ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ በአፋርኛ ሰላምታ አቀረበ። ደህና አድርጎ አወራ። ሰዎቹ ሳቁ፣ ወተት ሰጡን። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «አባዬ፣ አፋርኛ ትችላለህ እንዴ?»

«መንገድ የማያስተምረው ምን አለ!» አለ።

እናቴ ከነጠላዋ ሥር ሆና ለራሷ ያህል «ገና ስንት የማናውቀው አለ» አለች። ልብ አላልኩትም። አሁን ነው ትዝ የሚለኝ።

መገንጠያው

ያን ሌሊት ሰመራ አደርን። እራት የበላነው ሎጊያ፣ ሹፌሮች በሚያርፉበት ቤት ነው። በየጠረጴዛው ላብ የጠመቃቸው ሹፌሮችና ረዳቶች ተቀምጠዋል። አባቴ እያየ ስለ ጓደኞቹ ያወራል። «እሱ በአደጋ ሞተ… እሱ በዚያ በሽታ… እሱም በዚያ በሽታ…» ይላል። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በነዚያ ዓመታት በከባድ መኪና መስመሮች ላይ ስንት ቤት እንዳፈረሰ የሰማችሁ ትሰማላችሁ። እናቴ ጉርሻዋን ይዛ ሳታኝክ ቆየች። «ጨው በዛበት?» አልኳት። «አይ» አለችኝ።

በነጋታው በማለዳ ከዲችኦቶ አለፍ ብለን መገንጠያው ጋ ደረስን። አንዱ መንገድ ወደ ጋላፊ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር ይሄዳል። መኪናው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሌላው በማንዳና በቡሬ በኩል ወደ አሰብ ነው።

አባቴ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። መሪውን እንደያዘ ያን መንገድ አየው። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ… የወንድሜ ልጅ «አያዬ፣ ነዳጅ አለቀ?» አለ። እናቴ ባሏን ከኋላ ወንበር ትኩር ብላ ታየዋለች። ማንም አልተናገረም። አባቴ ሞተሩን አስነሳና ወደ ጋላፊ ታጠፈ።

ድንበሩን ስናልፍ የከባድ መኪናው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። ከዚያ በኋላ ግን ያየሁትን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በጅቡቲ ምድር መንገዱን ይዘው በእግራቸው የሚጓዙ የእኛ አገር ልጆች አሉ። እጃቸው ላይ ግማሽ የደረሰ የውሃ ኮዳ ብቻ ነው። ኦቦክ ደርሰው በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ሊሻገሩ ነው። አንዱ ከአሥራ ሰባት ዓመት አይበልጥም። እናቴ «አቁም!» ብላ የያዝነውን ውሃ አጋራቻቸው። እኛ ለመዝናናት በመኪና የምናቋርጠውን በረሃ እነሱ ለእንጀራ በእግራቸው ያቋርጡታል። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ዘፈን የከፈተ የለም።

ከዲኪል አለፍ ብሎ ግራንድ ባራ የሚባል ሜዳ አለ። ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ ዛፍ የሌለው፣ ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ የደረቀ ሐይቅ ነው። የወንድሜ ልጅ «ባሕሩ! ባሕሩ!» ብሎ ጮኸ። ከሜዳው ማዶ ውሃ ያብረቀርቃል። እናቴም እልል ልትል አፏን ስትይዝ አባቴ «ውሃ አይደለም፤ የሙቀት ማታለል ነው። ስትጠጊው ይሸሻል» አላት።

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አለች።

ባሕሩ ዳር

ከአዲስ አበባ ከተነሳን 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጅቡቲ ከተማ ገባን። ከተማዋ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጸጥ ትላለች። ከእኛ አገር የሚሄደው ጫት በየቀኑ የሚደርሰው በዚያን ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ሥራም ጨዋታም ወደዚያ ይዞራል። ዋጋው እሳት ነው! አንዱ ዶላር ለረጅም ዓመታት በ177 ፍራንክ ከምናምን ተተምኖ የቆየ ነው፤ የእኛን ብር ስትመነዝሩ ግን ዓይናችሁ እንባ ያቀራል። ደስ የሚለው በየሱቁ አማርኛ የሚሰማ መሆኑ ነው።

ባሕሩ ዳር ካለ አንድ መዝናኛ አረፍን። እናቴ ሻንጣ እንኳ ሳታስገባ በቀሚሷና በነጠላዋ እንዳለች ወደ ውሃው ሄደች። እስከ ጉልበቷ ገባች። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ቀድታ ቀመሰችና «እውነትም ጨው ነው!» ብላ እንደ ልጅ ሳቀች። ስድሳ ዓመቷን የደፈነች ሴት! የወንድሜ ልጅ ዛጎል ይለቅማል፣ ወንድሜ ይዋኛል፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ። አባቴ ብቻ ጫማውን ሳያወልቅ ዳር ቆሟል።

ማታ በየመን አሠራር ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ ከትልቅ ቂጣ ጋር ቀረበልን። ጨረቃ ወጥታለች። ልጁ ወንበር ላይ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ምሽት በቤታችን ታሪክ አልነበረም ብል አልዋሸሁም። እናቴ እጇን ታጠበች። በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። ከዚያም ልክ «ሻይ ትጠጣለህ?» እንደሚባለው አድርጋ፣

«ያቺ ባለ ቀይ ጫማ ልጅ አሁን ስንት ዓመቷ ነው?» አለችው።

እኔ ሙቀት ናላዋን የመታው መሰለኝ። ወንድሜ «የምን ልጅ?» አለ። አባቴ ግን «የቷ ልጅ?» አላለም። እኔን የገደለኝ ይኼ ነው፤ «የቷ ልጅ?» አላለም! የቆረሰውን ቂጣ መልሶ አስቀመጠና፣

«ሠላሳ አንድ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1988 ዓ.ም. እኔ የሦስት ወር አራስ ሳለሁ እናቴ ጋቢናውን ልታጸዳ ትገባለች። ከመቀመጫው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ የልጅ ጫማ ታገኛለች። ቀይ፣ ቁጥር 24። ለወንድሜ ያንሳል፤ እሱ ስምንት ዓመቱ ነው። ለእኔ ይሰፋል። «ምናልባት ለልጄ ሲያድግ ብሎ ይሆናል» ብላ መልሳ ጠቀለለችው። በነጋታው አባቴ ወደ አሰብ ሲነሳ ጫማው አብሮት ሄደ። አልተመለሰም። እናቴ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን ቁጥር 24 ተሸክማ ኖረች!

አባቴ ሁሉንም ተናገረ። አሰብ ሻይ ቤት የነበራት ሴት ናት። ልጅቷ በ1985 ዓ.ም. ተወለደች። ለመጨረሻ ጊዜ ያያት በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. ነው፤ አምስት ዓመቷ ነበር። «በሚቀጥለው ስመጣ ቦርሳ አመጣልሻለሁ» ብሏት ተነሳ። የሚቀጥለው የለም። መንገዱ ተዘጋ። የጅቡቲን መስመር ያልሠራው በረሃው ሰልችቶት አልነበረም። ያንን መገንጠያ በየሳምንቱ ማለፍ ስላልቻለ ነው።

«ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ስል መንገዱ ተዘጋ» አለ።

እናቴ «የተዘጋውስ መንገዱ ነው። አፍህን ማን ዘጋው?» አለችው።

«ለምን አልጠየቅሽኝም ታዲያ?»

«ብጠይቅህ ትዋሸኛለህ። ብትዋሸኝ ደግሞ አምኜህ መኖሬ ነው፤ ሁለት ልጅ ይዤ የት እሄዳለሁ? በ1993 ዓ.ም. ለብቻዬ ሄጄ ደሜን ተመረመርኩ። ውጤቱ እስኪነገረኝ ድረስ የነዚህን ልጆች ፊት ማየት አቅቶኝ ነበር። ነጻ ነሽ ተባልኩ። ዱቄት ገዝቼ ወደ ቤት ገባሁ። አንተ ያን ቀን ምሳ ጨው አነሰው ብለህ ተቆጣህ።»

አባቴ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ከዚያ በፊት አንድ ቀን ብቻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ተከፍቶ በቴሌቪዥን ሲታይ። ያን ጊዜ «ለአሰብ ናፍቆት ነው» ብለን ቀልደንበታል። ለካ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ኖሯል! «ለእናታችሁ ምን ብዬ እንደምሄድ ሳስብ ሳስብ ተመልሶ ተዘጋ» አለ።

ወንድሜ ልጁን ታቅፎ ሳይናገር ወደ ክፍሉ ገባ። እኔ ሁለቱንም ጠላኋቸው። እውነቱን ልናገር፤ እሱን ስለዋሸ፣ እሷን ስለቻለች። ሌሊት እናቴ አጠገብ ተኝቼ «እማዬ፣ ለምን አሁን? ደስ ብሎን ሳለ ለምን?» አልኳት።

«ቤት ውስጥ ብጠይቀው ኮቱን ለብሶ ይወጣል። እዚህ ወዴት ይወጣል? ከፊቱ ባሕር፣ ከኋላው በረሃ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ያቺ ልጅ ምን አደረገች? እኛ ሳናያት፣ እሷ ሳታየን ልንሞት ነው?» አለች።

ስትመለሱ ያው መንገድ ነው

አንድ ሌሊት የቀረንን ትተን ተነሳን ብትሉ ተሳስታችኋል። እናቴ «የከፈልንበትን አንተውም» ብላ በነጋታውም ባሕር ገባች። አባቴም በሦስተኛው ቀን ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እጅ ለእጅ አልተያያዙም፤ ፊልም አይደለም። ግን ቆመው ነበር።

በመልስ ጉዞ መገንጠያው ጋ ስንደርስ «አቁም» ያለችው እናቴ ናት። ወረደች። «ስሟን ንገረኝ» አለችው። ነገራት። እናቴ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ እንዳይረሳ የሚሸመደድ ነገር እንደሚደገመው። ከዚያ «በል ንዳ» አለች።

ከዚያ ወዲህ እየፈለግናት ነው። አንድ የድሮ ሹፌር ጓደኛው «እናቷም እሷም ከአሰብ ወጥተዋል» የሚል ወሬ አምጥቷል። ወዴት እንደሆነ አልተረጋገጠም። በየሳምንቱ «ምን ወሬ አለ?» ብላ የምትጠይቀው እናቴ ናት። ለአባቴ ሙሉ በሙሉ ይቅርታ አድርጋለታለች? አላደረገችም። «ይቅር ማለቱንስ ልጅቷ ስትገኝ አብረን እናስብበታለን» ትላለች። እኔም ከእሱ ጋር እስክግባባ ወራት ፈጅቶብኛል። ወንድሜ አሁንም ቁጥብ ነው።

እንግዲህ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ላልከኝ ወጣት…

ሂድ። ግን ተዘጋጅተህ ሂድ።

መጀመሪያ መንገዱን ጠይቅ። በአፋርና በሶማሌ ወሰን አካባቢ አልፎ አልፎ ግጭት ስለሚነሳ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በሰሞኑ የተመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቅ፤ ከእነሱ የተሻለ ዜና የለም። ወረቀቱንም ሳትነሳ አጣራ፤ የዛሬ ዓመት የሠራው ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ጎማህን በማለዳ፣ ሳይሞቅ አስለካ። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ ቶሎ ይፈነዳል። ውሃ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለራዲያተርም ያዝ። መኪናው ከጋለ አቁም፣ አጥፋ፣ ጠብቅ። ክዳኑን አትንካ! በሌሊት በረሃ ውስጥ አትንዳ። ግመል መብራት የለውም።

የወላጆችህን የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ያዝ እንጂ ጋለ መኪና ኮፈን ውስጥ አትቆልፍበት። ልጅም አዛውንትም ሳይጠማቸው ይጠጡ። ባሕሩ ዳር ስትደርስ ጠዋትና ማታ ይግቡ፤ የቀትሩ ፀሐይ ጠቋራ ነኝ ብሎ አይተውም፣ ይልጣል። ድንጋያማ በሆነው ዳርቻ፣ ለምሳሌ ኾር አምባዶ በሚባለው፣ ጫማ አድርገው ይግቡ፤ እሾሃም የባሕር ፍጥረት አለ።

ይኼ ሁሉ ቀላሉ ነው። ዋናው ሌላ ነው። እኛ ሀበሾች አንድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖረን ላንነጋገር እንችላለን። አንዱ ሲናደድ ጎረቤት ይሄዳል፣ አንዱ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። መኪና ውስጥ ግን መሸሻ የለም። አምስት ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ጉልበት ለጉልበት ሲነካካ በልብ የታመቀው ይፈላል። ሲፈላ ደግሞ እንደ ራዲያተሩ ነው፤ ክዳኑን በጉልበት አትክፈት፣ ግን ጋለ ብለህም ዝም ብለህ አትንዳ። አቁምና ጠብቅ፤ ራሱ ይከፈታል። ያኔ መስማት ትችላለህ ወይ? ካልቻልክ ሐዋሳ ይበቃሃል።

ምስጢር የያዛችሁ አባቶች ይህን ካነበባችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ይደነግጋል። ሕጉ ሳይደብቀው እናንተ ለምን ትደብቁታላችሁ? «ነገ እነግራታለሁ» አትበሉ። አባቴ ነገ ሲል መንገዱ ተዘጋበት። ሰው ይሞታል፣ ስልክ ይቀየራል፣ ድንበር ይዘጋል፤ የልጅ ጫማም ቁጥር 24 ላይ አይቆምም።

አንቺ እህቴ፣ የት እንዳለሽ አላውቅም። ይህ ጋዜጣ ያለሽበት ይደርስ አይደርስ እንደሆነም አላውቅም። ቦርሳ አመጣልሻለሁ ያለሽ ሰው አልረሳሽም። ቡና ላይ ስምሽን የምታነሳ አንዲት ሴትም አለች።